እሳተ ገሞራም የሕመም ታሪኩ ይጠየቃል

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ክልል የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። የልጅ ልጄ ምስሉን በቴሌቪዥን አይቶ ወደ እኔ እየሮጠ መጣና «አያቴ፣ ተራራው እንደገና የሚፈነዳው መቼ ነው?» አለኝ። እኔም የሥራ ልማድ ሆኖብኝ ጥያቄውን በጥያቄ መለስኩለት፤ «ከዚህ በፊትስ ፈንድቶ ያውቃል?»

ነርስ ሆኜ ባገለገልኩባቸው ዓመታት በሽተኛ ፊቴ ሲቀመጥ መጀመሪያ «ምንዎን ያምዎታል?» እላለሁ። ቀጥሎ «ከዚህ በፊትስ እንዲህ ያደርግዎት ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። ያለፈው ሕመም የሚመጣውን ይጠቁማልና። የእሳተ ገሞራ ባለሙያዎችም ሥራቸውን በዚሁ ጥያቄ እንደሚጀምሩ ያወቅሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ ስጀምር ነው።

ተራራ አፍ ስለሌለው የሚጠየቀው አፈሩ ነው። እሳተ ገሞራ በፈነዳ ቁጥር አመድና ድንጋይ በአካባቢው ያነጥፋል። ሸለቆ ውስጥ ገብቶ ገደሉን የሚመለከት ባለሙያ እነዚህን ንብርብሮች እንደ እንጀራ ድርድር አንድ በአንድ ይቆጥራቸዋል። ወፍራሙ ንብርብር አብዛኛውን ጊዜ የትልቅ ፍንዳታ ምልክት ነው፤ በሁለቱ መካከል አፈር ከተገኘ ደግሞ ተራራው ረጅም ጊዜ አርፎ ነበር ማለት ነው። በአመዱ ውስጥ የተቀበረ የተቃጠለ እንጨት ካለ፣ ከሰሉ በላቦራቶሪ ተመርምሮ ፍንዳታው ከስንት ዓመት በፊት እንደነበር ይታወቃል።

ይህ ዕውቀት ሕይወት አድኗል። በፊሊፒንስ የሚገኘው ፒናቱቦ ተራራ ለ500 ዓመታት ያህል ጸጥ ብሎ ከኖረ በኋላ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1991 እንፋሎት መትፋት ጀመረ። የአገሪቱና የአሜሪካ ባለሙያዎች ሸለቆዎቹን ሲፈትሹ ተራራው ብዙ መቶ ዓመታት የሚተኛ፣ ሲነቃ ግን እጅግ በኃይል የሚፈነዳ መሆኑን ተረዱ። የቀድሞው ፍንዳታ የት ድረስ እንደደረሰ አይተው የአደጋ ካርታ አዘጋጁ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብም ከአካባቢው እንዲወጣ ተደረገ። ሰኔ 15 ቀን ተራራው ፈነዳ። በዕለቱ ማዕበልና ዝናብ ስለነበረ እርጥብ አመድ የተጫነባቸው ጣሪያዎች ወድቀው ብዙ ሰው ቢሞትም፣ ማስጠንቀቂያው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን እንዳተረፈ ይታመናል።

የኮሎምቢያዋ አርሜሮ ከተማ ግን እንዲህ አልቀናትም። ኔቫዶ ዴል ሩይዝ የተባለው ተራራ ጫፉ በበረዶ የተሸፈነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1595 እና በ1845 ከዚሁ ተራራ የወረደ የጭቃ ጎርፍ አካባቢውን አጥለቅልቆ ነበር። አርሜሮ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1845 የወረደው ጭቃ በደረቀበት ሜዳ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 13 ቀን 1985 ተራራው ሲፈነዳ በረዶው ቀለጠና ጎርፉ የቀድሞ መንገዱን ተከትሎ ወረደ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ከተማዋ ደረሰ። ወደ 23,000 ሰው አለቀ። ከአንድ ወር በፊት የወጣው የአደጋ ካርታ ከተማዋ አደጋ ላይ እንዳለች ያሳይ ነበር። ካርዱ ነበረ፤ በጊዜው ግን አልተሠራበትም።

ይህን ሳነብ የራሴ ጥፋት ትዝ አለኝ። ወጣት ነርስ ሳለሁ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ አንዲት እናት ለመውለድ መጣች። የበፊቶቹን ልጆች የወለደችው ቤቷ ስለነበር ካርድ አልነበራትም። እኔም «ያለፈ የወሊድ ችግር» በሚለው ቦታ ላይ «የለም» ብዬ ጻፍኩ፤ ከእርሷም ሆነ ከእናቷ አልጠየቅሁም። ሕፃኑ በሰላም ተወለደ፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። ያኔ ደጅ ላይ የተቀመጡት እናቷ «ልጄ፣ ያለፈውንም ስትወልድ እኮ እንዲሁ ደሟ ፈስሶ ራሷን ስታ ነበር» አሉኝ። አስቀድሜ ብጠይቃቸው ኖሮ ደም ወዳለበት ሆስፒታል በጊዜ እልካት ነበር። በመኪና እየተንገላታች ደረሰችና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳልጠይቅ «የለም» ብዬ ጽፌ አላውቅም። የማላውቀውን «አይታወቅም» ብዬ ነው የምጽፈው።

የሃይሊ ጉቢም ነገር እንዲሁ ነው። ከኅዳሩ ፍንዳታ በፊት በታሪክ ተመዝግቦ የሚታወቅ ፍንዳታ አልነበረውም። ይህ ማለት ግን ፈንድቶ አያውቅም ማለት አይደለም፤ አይቶ የጻፈ አልነበረም ማለት ነው። በኤርትራ ያለው ናብሮም በ2003 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የፈነዳው የተጻፈ ታሪክ ሳይኖረው ነበር። የሃይሊ ጉቢ አመድ የአፍዴራን አካባቢና የከብቱን ግጦሽ ሸፍኖ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ድረስ በረራ አስተጓጉሏል።

ታሪክ ብቻውን ቀን አይቆርጥም። በአማካይ በየመቶ ዓመቱ የሚፈነዳ ተራራ መቶኛ ዓመቱን ጠብቆ አይነሣም። የበሽተኛን ካርድ አንብበን ሙቀቱንና የደም ግፊቱን እንደምንለካ ሁሉ፣ ባለሙያዎችም የመሬቱን መንቀጥቀጥ፣ የሚወጣውን ጋዝና የመሬቱን ማበጥ ይከታተላሉ። ካርዱ ምን ዓይነት አደጋ ሊመጣ እንደሚችልና የት ድረስ እንደሚደርስ ይነግራል፤ ልኬቱ ደግሞ መቃረቡን ይጠቁማል። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

እኛ ወላጆችና አያቶች ከዚህ የምንወስደው አለ። በአርሜሮ በሁለቱ ጎርፎች መካከል 140 ዓመት ነበር፤ አያት ለልጅ ልጁ ቢነግር በሁለትና በሦስት ሰው አፍ የሚደርስ ወሬ ነው። በቤታችሁም አዛውንት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው። ወንዙ የት ድረስ ሞልቶ ያውቃል? የትኛው ተራራ ተናደ? ከቤተሰቡስ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ በወሊድ ጊዜ ደም መፍሰስ ያለበት ማን ነበር? መልሱን በደብተር ጻፉት፤ ያልታወቀውን «አይታወቅም» በሉ።

ለልጅ ልጄ የመለስኩለትም ይህንኑ ነው። «መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ግን ሃይሊ ጉቢ አሁን ካርድ አውጥቷል» አልኩት።