ሥልጠናው ካለቀ በኋላ የሚጀምረው እገዛ

እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ባንድ ጊዜ ሲያግድ፣ በአገራችን ብዙ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ሥራቸውን ባለበት አቆሙ። ጤና ሚኒስቴርም በዚሁ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ባለሙያዎች ሥራ እንዲቋረጥ አሳወቀ። በአዲስ አበባ በብስራተ ገብርኤልና በኦልድ ኤርፖርት መንደሮች ቪላ ተከራይተው የሚሠሩ ድርጅቶች ጥቂት አይደሉም። በእንዲህ ያለ ቀን ከእነዚህ የአንዱ ዳይሬክተር ለዓመታት አብራው የሠራችውን ሰው አስጠርታ ውሉ እንዳበቃ ትነግረዋለች፤ ማታ ቤቷ ገብታ ደግሞ የራሷ ደመወዝ እስከ መቼ እንደሚቆይ ታሰላለች። የወሰደቻቸው የሥራ አመራር ሥልጠናዎች በጀት ማዘጋጀትና ዕቅድ መከለስ አስተምረዋት ይሆናል። ለዚህች ማታ ግን አላዘጋጇትም።

ሥልጠናስ አላነሰንም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ (ቢፒአር) መጣ፤ ውጤት ተኮር ሥርዓት ተከተለ፤ የተከታታይ ማሻሻያ ዘዴው ካይዘንም በ2004 ዓ.ም. የራሱን ኢንስቲትዩት አገኘ። በሱሉልታ ለመሪዎች የተሠራ አካዳሚ አለ። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ጥቅም አላቸው። ችግሩ ሰልጣኙ ምስክር ወረቀቱን ይዞ ሲመለስ የሚጠብቀው ያው ቢሮ፣ ያው አለቃ፣ ያው የቤት ጣጣ መሆኑ ነው። የመሪዎች ኮቺንግ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ኮቺንግ አንድ መሪ ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ለብቻው ተቀምጦ፣ ብዙውን ጊዜ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ያህል የሚያደርገው የታቀደ ውይይት ነው፤ ወራት ይፈጃል። አሠልጣኝ ያስተምራል፤ አማካሪ አጥንቶ መፍትሔ ያቀርባል። ኮች ግን በዋናነት ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ መሪው ራሱ የወሰነውን ከምን እንዳደረሰው ይከታተላል። መነሻው ስፖርት ነው። አሜሪካዊው የቴኒስ አሠልጣኝ ቲሞቲ ጋልዌይ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተጫዋችን የሚጥለው ከተጋጣሚው ይልቅ በራሱ አእምሮ ውስጥ ያለው ሁከት መሆኑን ጻፈ። የቀድሞው የመኪና ተወዳዳሪ እንግሊዛዊው ጆን ዊትሞር ሐሳቡን ወደ መሥሪያ ቤት ወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው መጽሐፉም ግብን፣ ያለንበትን ሁኔታ፣ አማራጮችን፣ በመጨረሻም ቁርጠኝነትን በተራ የሚጠይቅ ዘዴ አስተዋወቀ። ዘዴው ዛሬም በሰፊው ይሠራበታል።

ይሁን እንጂ ግብ ብቻ ይዞ የሚሄድ ኮቺንግ መሪውን ከወንበሩ ነጥሎ አያየውም። ሁለንተናዊ የሚባለው አካሄድ የመሪውን ጤና፣ ስሜት፣ ቤተሰብ፣ የሥራ ባልደረቦቹንና የድርጅቱን አሠራር አንድ ላይ ይመረምራል።

በምሳሌ እንየው። የብስራተ ገብርኤሏ ዳይሬክተራችን “ስብሰባ ላይ ትቆጣለች፣ ውሳኔ ታዘገያለች” የሚል ቅሬታ ቀረበባት እንበል። ጠባቡ ኮቺንግ ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ሥራን ለሌላ ስለ ማካፈል አንስቶ ያበቃል። ሁለንተናዊው ግን “ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ተኙ?” ብሎ ሊጀምር ይችላል። መልሷ ሌላ በር ይከፍታል፤ ደሴ የሚኖሩት እናቷ ለሕክምና መጥተው እሷ ዘንድ ናቸው፣ ሌሊት የምታስታምማቸው እሷ ናት። “ወጪውን ሌላ ሰው ቢፈርምበት ምን ይፈጠራል?” ሲላት ደግሞ አዲስ ነገር ይወጣል። በድርጅቱ ደንብ መሠረት ከትንሿ ግዢ ጀምሮ ያለ እሷ ፊርማ የሚያልፍ የለም። ውሳኔ የሚዘገየው በስንፍናዋ አይደለም ማለት ነው። ያንን ደንብ ያጸደቀው ቦርዱ ነው፤ ማሻሻልም የሚችለው እሱ ነው። እሷ ብቻዋን አሥር ጊዜ ከኮች ጋር ብትቀመጥ ደንቡ ካልተነካ የፊርማው ወረፋ አይቀንስም።

እዚህ ላይ ከውጭ መጻሕፍት ብቻ የተማረ ኮች ይሳሳታል ብዬ እሰጋለሁ። “ለዘመድ እምቢ ማለትን ይልመዱ” ብሎ ሊመክራት ይችላል። በእኛ ኑሮ እናትን ማስታመም፣ ለቅሶ መድረስ፣ የእድር ቀን መገኘት ከሥራ ጊዜ የሚሻሙ ትርፍ ነገሮች አይደሉም። ሐዘን ቤቷ የገባ ዕለት ድንኳን የሚተክልላትና አብሯት የሚያመሸው እድሩ ነው። የሚሻለው ጥያቄ “ከእህት ወንድሞችዎ ማን ሌሊቱን ሊጋራዎት ይችላል? እስካሁን ጠይቀዋቸዋል?” የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ አልተጠየቁም። “የአዲስ አበባዋ፣ ዳይሬክተሯ” ሁሉን ትችላለች ተብሎ ተትቷል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻ ነገር ከአለቃ፣ ከእኩያና ከበታች ሠራተኛ ስለ መሪው አስተያየት መሰብሰብ ነው። ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ስምንት ሰው ባለበት ቢሮ ስም ባይጻፍም አጻጻፉ ባለቤቱን ያሳብቃል። አለቃን ፊት ለፊት መንገር ባልለመደ ቤት ሠራተኛው ወይ ያሞግሳል ወይ ዝም ይላል። ስለዚህ ኮቹ ራሱ እያንዳንዱን ሰው ለየብቻ አነጋግሮ፣ የሰማውን በጥቅሉ ቢያቀርብ ይሻላል።

ምሥጢርም አለ። ክፍያውን የሚፈጽመው ድርጅቱ ቢሆንም ማወቅ የሚገባው የተስማሙበትን ግብ ብቻ ነው። “ምን አለችህ?” ብሎ ለሚጠይቅ የቦርድ ሰብሳቢ ኮቹ መልስ ሊኖረው አይገባም፤ ይህም ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ይፈረምበት። ኮቺንግ ሕክምናም አይደለም። መሪው ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ተስፋ ከቆረጠ፣ ወደ መጠጥ ካዘነበለ ኮቹ ወደ ሐኪም የመላክ ግዴታ አለበት። ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም መሄድ አሁንም ብዙዎቻችንን ስለሚያሳፍረን ነገሩን በግልጽና በአክብሮት መናገር ይጠበቅበታል።

ባለሙያ ሲመረጥ የኮቺንግ ልምዱን መጠየቅ ነውር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን ሦስት የብቃት ደረጃዎች ይሰጣል፤ ለመጀመሪያው 100፣ ለሁለተኛው 500፣ ለሦስተኛው 2,500 ሰዓት ሰዎችን ኮች ማድረግን ይጠይቃል። ሰዓቱ ብቻውን አይበቃም፤ የአገሩን የሥራ ባሕል ያውቅ እንደሆነም ይጣራ።

ገንዘቡ ግን ቀላል ጥያቄ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ከቤት ኪራይና ከደመወዝ ተርፎ ለዳይሬክተር እገዛ የሚውል ብር ማግኘት ይከብዳል። አቅም የሌላቸው ድርጅቶች ግን ደንባቸውን ያለ ክፍያ መከለስ ይችላሉ። የቦርድ አባል የሆናችሁ አንባቢዎች፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ከመስማታችሁ በፊት ሪፖርቱን የምታቀርብላችሁን ሰው እንዴት እንደሰነበተች ጠይቋት፤ ከእሷ ፊርማ ላይ የትኛው ሊነሳላት እንደሚችልም በዚያው ስብሰባ ወስኑ።