አፍጋናውያንን የተቀበለው የኢትዮጵያውያን ድርጅት

ዲያስፖራ ሲባል ቀድሞ የሚነሳው የሚላከው ገንዘብ ነው። ቀድሞ የተሰደደው ኋላ ለሚመጣው፣ ያውም ለባዕዱ፣ ስለሚሠራው ሥራ ግን እምብዛም አይወራም።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ካቡል በታሊባን እጅ ስትወድቅ አሜሪካ ከ70 ሺህ በላይ አፍጋናውያንን አስገባች። እነዚህን ሰዎች እንዲያሰፍሩ ከመንግሥት ጋር ከተዋዋሉት ጥቂት አገር አቀፍ ድርጅቶች አንዱ መቀመጫው አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ የሆነው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት ነው። ያቋቋሙት የቋንቋ ምሁሩ ዶክተር ፀሐዬ ተፈራ ሲሆኑ ዘመኑም 1983 እ.ኤ.አ. ነበር። ያኔ ደርግን የሸሹ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሱዳን በኩል አድርገው፣ በ1980 በወጣው የስደተኞች ሕግ አሜሪካ ይገቡ ነበር። ስደተኛ በማስፈር የታወቁት በአብዛኛው የካቶሊክ፣ የሉተራንና የአይሁድ ድርጅቶች ነበሩ፤ የለመዱትም የአውሮፓንና የቬትናምን ስደተኛ እንጂ የአፍሪካን አልነበረም። ምክር ቤቱ ያንን ክፍተት ይዞ ተነሳ። በኋላ ሶማሌውንም ሱዳናዊውንም ተቀበለ፤ በአፍሪካ ስደተኞች ጉዳይ ፖሊሲ አውጪዎችን የሚያነጋግሩ ጉባኤዎችንም አዘጋጀ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ ድርጅቱ ቤት ይከራይ፣ ልጆችን ትምህርት ቤት ያስመዘግብ፣ ሥራ ያፈላልግ ነበር። ለዚህ የተሰጠው ጊዜ 90 ቀን ነበር። በ2021 መንግሥት ለአንድ ሰው የመደበው 2,275 ዶላር ነበር፤ የድርጅቱም ወጪ ከዚያው ይነሳ ነበር። በዋሽንግተን ዙሪያ ያለውን የቤት ኪራይ የሚያውቅ ስሌቱን ራሱ ይሥራው።

የቀደምት ስደተኞች ምስክርነት ክብደት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ዲግሪ ይዞ ዋሽንግተን ውስጥ መኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ የኖረ ኢትዮጵያዊ፣ አፍጋኑን መሐንዲስ የቸገረው ሥራ ሳይሆን ማስረጃው ዋጋ ማጣቱ እንደሆነ ያውቃል። በሶቪየት ወረራ ጊዜ ወጥተው በሰሜን ቨርጂኒያና በካሊፎርኒያዋ ፍሪሞንት የሰፈሩ አፍጋናውያንም የሚሉት ይህንኑ ነው። ችግሩ፣ እነዚህ ቀደምት ስደተኞች አስተርጓሚ ሆነው በብዛት ይቀጠራሉ፤ ስለ ስደተኞች የሚደረግ ጥናት ጥያቄ ሲነደፍ ግን የሚጠራቸው ጥቂት ነው።

የማስፈሩ ሥራ ግን እንቅፋት ገጠመው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የስደተኞችን ቅበላ አቆመ፤ ስደተኛ ለሚያሰፍሩ ድርጅቶችም ሥራ እንዲያቆሙ ትእዛዝ ደረሳቸው።

ወደኛ ስንመለስ፣ ኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞች አስጠልላለች። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛው እንዲሠራና እንዲንቀሳቀስ መብት ሰጥቷል። የአፈጻጸሙ ጥናት ሲታሰብ፣ ጋምቤላ ያለው ደቡብ ሱዳናዊና አዲስ አበባ ያለው ኤርትራዊ መጠይቅ ከመሙላት አልፈው መጠይቁን በማዘጋጀት ይሳተፉ።