አንድ ሰዓት ለባሕር ዳር፣ ስንት ለፍኖተ ሰላም?

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የአየር ርቀቱ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ኪው-400 አውሮፕላኑ ከፍታውን ይዞ ብዙም ሳይቆይ መውረድ ይጀምራል። በደብረ ማርቆስ የሚዞረው መኪና ግን 560 ኪሎ ሜትር ግድም ይነዳል። ያን ሁሉ ከሚያረዝሙት አንዱ የአባይ በረሃ ነው። በ2001 ዓ.ም. መግቢያ በጃፓን ድጋፍ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ወንዙን መሻገር አቀለለ እንጂ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን ቁልቁለትና ዳገት አላስቀረም።

ምዕራብ ጎጃም ላይ ሒሳቡ ይዛባል። ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ በቀጥታ 250፣ በመኪና 387 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ባሕር ዳር ደግሞ በስተ ሰሜን 175 ገደማ ናት። በአውሮፕላን አዲስ አበባ ልሂድ ያለ የፍኖተ ሰላም ሰው እንግዲህ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ መራቅ አለበት፤ ሦስት ሰዓት ግድም በሚኒባስ፣ ለፍተሻና ለጥበቃ ሁለት ሰዓት፣ አንድ ሰዓት በረራ። ይህን ሁሉ ደምሮ ከአውቶቡሱ የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ የቲኬቱን ዋጋ ሳንጨምር። ከዋሽንግተን የመጣ የቡሬ ልጅ አትላንቲክን ተሻግሮ ቦሌ ለመድረስ 13 ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ከቦሌ ቡሬ ያሉት 410 ገደማ ኪሎ ሜትሮች ሌላ ሙሉ ቀን ይወስዱበታል።

ይህ ሁሉ መንገድ ክፍት ሲሆን ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ውጊያ ሲበረታ የባሕር ዳር በረራ ለቀናት ተቋርጦ ነበር። በዚያው ወር 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ከሰማይ ተመታች፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት፣ በድሮን የተፈጸመ በሚመስል ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መገደላቸው እንደተነገረ ገለጸ። ለመንገደኛ አውሮፕላን ሩቅ የሆነች ከተማ ለዚያ ጥቃት ቅርብ ነበረች። መንገድ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ 175 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይለካም።

አሁን ተስፋው ደብረ ማርቆስ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግንባታ ከጀመረባቸው አዳዲስ ኤርፖርቶች አንዱ እዚያ ነው። ከፍኖተ ሰላም 90፣ ከቡሬ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅም፣ ዋናው ነገር አቅጣጫው ነው፤ ወደ አዲስ አበባ እየቀረቡ የሚሄዱበት መንገድ ላይ ይገኛል። ከዚያ ቦሌ በአየር 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም ይጠቀማል ይባላል። እኔ በዚህኛው ብዙም አልተማመንም። የቡሬ በርበሬና ዘይት አይቸኩሉም፤ የሚቸኩለው ታማሚና ነጋዴ ነው።

ለእነዚህ ሰዎች ከማኮብኮቢያው ርዝመት ይልቅ የበረራው ሰዓት ይወስናል። አውሮፕላኑ ጠዋት በአንድ ሰዓት የሚነሣ ከሆነ የቡሬ መንገደኛ ማታውኑ ደብረ ማርቆስ ገብቶ የአልጋ መክፈል አለበት፤ በሌሊት የሚነዳለት አያገኝምና። ረፋድ ላይ ከሆነ ግን ጎህ ሲቀድ ከመናኸሪያ ተነሥቶ ይደርሳል።