ወደ ላንጋኖ የሚሄደውን ጐብኚ በባቱ ከተማ በእግር እየመሩ ስለ መመገብ

በመሪ የሚደረግ የምግብ ጉብኝት የሚባለው ንግድ አሠራሩ ቀላል ነው። ስምንት ወይም ዐሥር የሚሆኑ ጐብኚዎች ዋጋውን አስቀድመው ከፍለው በተቀጠረው ሰዓት ይሰበሰባሉ፤ ከተማውን አጥብቆ የሚያውቅ አንድ መሪም በእግር እየመራ አምስት ወይም ስድስት ከሚሆኑ የምግብ ቤቶችና የገበያ መደቦች ያደርሳቸዋል። በየደረሱበት ጥቂት ጥቂት ይቀምሳሉ፤ መሪውም ምግቡ ከወዴት እንደ መጣ፣ እንዴት እንደ ተሰናዳ፣ ሕዝቡም በየትኛው ወራት እንደሚመገበው ያስረዳቸዋል። ሦስት ሰዓት ያህል ከተዘዋወሩ በኋላ ጠግበው ይሰናበታሉ። ዓሣውንና ቡናውን ጐብኚው በሌላም ስፍራ ሊያገኘው ይችላል፤ ብቻውን ሊገባበት ከማይደፍረው ቤት የሚያስገባውን ሰው ግን አያገኝም። የዚህ ንግድ ዋና ሸቀጥ የመሪው ዕውቀት ነው።

ለነገሩ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነው በኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ የምትገኘው የበርገን ከተማ ናት። በርገን ከሰሜን የሚመጣላትን የደረቀ ዓሣ ለጀርመን ነጋዴዎች እየሸጠች የበለጸገች የወደብ ከተማ ስትሆን፣ የነጋዴዎቹ መጋዘኖች የነበሩበት ብሪገን የተባለው ሠፈር እ.ኤ.አ. በ1979 ከዓለም ቅርሶች ዝርዝር ገብቷል። ከተማዪቱም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የምግብ ጥበብ ከተማ ተብላ ተሰይማለች። ዛሬ በዚያ የሚደረገው የእግር ጉብኝት ጐብኚውን ወደ ዓሣው ገበያ እየወሰደ የዓሣ ሾርባና የደረቀ ዓሣ ያቀምሰዋል። ከእነዚህ ምግቦች ብዙዎቹ ዱሮ የአጥማጅና የወዛደር ምግቦች እንደ ነበሩ መዘንጋት አይገባም። በእኛም አገር በአዲስ አበባ ይህን ዐይነት ጉብኝት የሚያዘጋጁ ድርጅቶች ተነሥተዋል።

ወደ ስምጥ ሸለቆው ስንመጣ፣ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የላንጋኖ ሐይቅ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ የታወቀ የመዝናኛ ስፍራ ነው። ውሃው መልኩ ቡናማ ይሁን እንጂ ለዋና የሚመች በመሆኑ፣ ዓርብ ማታ ደርሶ እሑድ የሚመለሰው ቤተሰብ ብዙ ነው። ነገር ግን ሆቴሎቹ በሐይቁ ዳር ተራርቀው የተሠሩ ስለ ሆኑ፣ እንግዳው ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር እየሄደ የሚቀምሰው ነገር አያገኝም። ቁርሱንም ምሳውንም ራቱንም ከዚያው ካረፈበት ይበላል፤ ወይም ከቤቱ ቋጥሮ ይመጣል። ስለዚህ ላንጋኖ እንግዳው የሚያድርባት ስትሆን፣ ለጉብኝቱ የምትስማማው ግን ከዚያ ወደ ሰሜን በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚደረስባት፣ ቀድሞ ዝዋይ ትባል የነበረችው የባቱ ከተማ ናት።

ጉዳዩን አስቸኳይ የሚያደርገው መንገዱ ነው። በአሮጌው አውራ ጐዳና የሚያልፍ መኪና ሁሉ የሞጆን፣ የመቂንና የባቱን መኻል ከተማ መሰንጠቅ ግድ ስለሚሆንበት፣ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም ፓፓያውም በመኪና መስኮት ይሸጥ ነበር፤ መንገደኛውም ለዓሣ ሲል ከባቱ ይወርድ ነበር። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚዘረጋው የፍጥነት መንገድ እስከ ባቱ ድረስ ከተከፈተ ወዲህ ግን መንገደኛው በአጥር በተከለለው መንገድ ያለ ማቋረጥ ይበርራል። መንገዱ ለጭነትና ለወጪ ንግድ የሚሰጠው ጥቅም አያጠያይቅም። ሆኖም መንገደኛው አላፊ በመሆኑ ብቻ ይገኝ የነበረው ገበያ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ከእንግዲህ ደንበኛው ሆነ ብሎ ወደ ከተማው እንዲገባ የሚያደርገው ምክንያት ሊፈጠርለት ያስፈልጋል።

የጉብኝቱ መነሻ የሐይቁ ዳርቻ ነው። የዝዋይ ሐይቅ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው ጥልቀቱ ግን 9 ሜትር ቢደርስ ነው፤ የመቂና የቀታር ወንዞች ይገቡበታል፣ የቡልቡላ ወንዝ ደግሞ ከርሱ ወጥቶ ወደ አብያታ ይወርዳል። በሐይቁ ውስጥ ካሉት አምስት ደሴቶች ቱሉ ጉዶ ትልቁ ሲሆን፣ ጥንታዊው የማርያም ገዳም ያለውም በርሱ ላይ ነው። የደሴቶቹ ነዋሪዎች ዛይ ይባላሉ፤ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ዓሣ ማጥመድንም ከአባቶቻቸው የወረሱት ነው። አጥማጆች ጠዋት መረባቸውን ሰብስበው ሲመለሱ፣ ወጣቶች ዓሣውን በስለት ገፍፈው ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ። አባ ኮዳና ፔሊካን የተባሉት ታላላቅ ወፎች ደግሞ ትርፍራፊውን ለመልቀም እንደ ተራ አስከባሪ ቆመው ይጠባበቃሉ። ከውጭ አገር የመጣ ጐብኚ ከምግቡ ይልቅ ለዚህ ትዕይንት ካሜራውን ቢያወጣ የሚያስደንቅ አይደለም።

ከዚያም ወደ መጥበሻው ቤት ይገባል። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ጐንና ጐኑን በቢላዋ ተሰንጥቆ በዘይት ይጠበስና ከነራሱ በዳጣና በእንጀራ ይቀርባል። በሌላው ቤት ጉላሹ፣ በሌላው ደግሞ የዓሣ ዱለቱ ወይም ሾርባው አለ። በሐይቆቻችን ዳር አንዳንድ ሰዎች ዓሣን በጥሬው በዳጣ መብላት ቢወዱም፣ የሐይቅ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊኖርበት ስለሚችል ለእንግዳ የበሰለውን ብቻ ማቅረብ ይገባል። ከዓሣው ቀጥሎ ወደ አትክልትና ፍራፍሬው ገበያ፣ ከዚያም የአርሲ ኦሮሞ ምግብ ወደሚሰናዳበት ቤት መሄድ ይቻላል። ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራው ጩኮ፣ በጢስ በታጠነ ዕቃ የሚረጋው ኢቲቱ የተባለው ወተት፣ በመጨረሻም ቡናው ይቀርባል። የወይን ጠጅ ለሚወድ ጐብኚ ደግሞ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ በዚሁ በባቱ የሚጠመቀው ወይን መኖሩን ማስታወስ በቂ ነው።

መሪው ሊያውቃቸው ከሚገቡት ነገሮች አንዱ የሃይማኖት ጉዳይ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ እንስሳ እንዳይበላ የተጻፈ በመሆኑ፣ ቅርፊት የሌለውን አምባዛን የማይቀምሱ ክርስቲያኖች ብዙዎች ናቸው። በጾም ወራት ዓሣ ፈላጊው ይበዛል፤ ነገር ግን ዓሣም ቢሆን በጾም አይበላም የሚሉ አሉ። እንግዳውን ሳይጠይቁ አምባዛን በጉላሽ መልክ ማቅረብ እንደ ማታለል የሚቈጠር ነው፤ አንድ ጊዜ እንዲህ የተደረገበት ሰውም ተመልሶ አይመጣም።

የገንዘቡን አከፋፈል ለማስረዳት ያህል፣ ስምንት ሰዎች እያንዳንዳቸው 1,500 ብር ቢከፍሉ 12,000 ብር ይሆናል እንበል። ከዚህ ለጥብሱ ቤት 2,400፣ ለጉላሹ ቤት 1,600፣ ለፍራፍሬ ሻጭዋ 800፣ ጩኮና ኢቲቱ ለምታቀርበው 1,200፣ ለቡናዪቱ 800 ብር ቢሰጥ ድምሩ 6,800 ብር ነው። ከቀሪው 5,200 ብር 2,500ው ለመሪው ደመወዝ ቢውል፣ 2,700 ብር ለአዘጋጁ ወጪና ግብር ይተርፋል። እነዚህ ቍጥሮች ለምሳሌ ብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ ከላንጋኖ የሚያመላልሰው መኪና ሒሳብም አልገባባቸውም። ዋናው ነገር የምግብ ቤቱ ባለቤት ስንት ሰው በስንት ሰዓት እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቁ፣ ገንዘቡንም በዚያው ዕለት መቀበሉ ነው። ሰዓቱም የምሳ ግርግር ሳይጀመር፣ ረፋዱ ላይ፣ ምድጃው ሥራ በሚፈታበት ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። መሪው ከየቤቱ በስውር ኮሚሽን የሚቀበል ከሆነ ግን ጐብኚውን የሚወስደው ወደ ጥሩው ቤት ሳይሆን ወደሚከፍለው ቤት ይሆንና ንግዱ ወዲያው ይበላሻል።

ሌላው እንቅፋት ዓሣው ራሱ ነው። ቆሮሶ የሐይቁ ነባር ዓሣ ሲሆን፣ ካርፕና አምባዛ ግን ከውጭ የገቡ ናቸው። ቀዳዳው የጠበበ መረብ ገና ያላደገውን ጫጩት ጭምር ስለሚጠርግ የቆሮሶው ብዛት ቀንሷል፤ የሐይቁንም ውሃ የመስኖ እርሻውና የአበባ እርሻው ይሻሙበታል። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 315/1995 የማጥመጃውን ዐይነት ለመቈጣጠር ሥልጣን ቢሰጥም፣ ገዥ ሁሉ ትንሹን ቆሮሶ ርካሽ ነው ብሎ እስከ ገዛ ድረስ አጥማጁ መረቡን አይለውጥም። ለእንግዶች የሚያቀርበው ቤት ሙሉ ዕድገት ያገኘውን ብቻ እየመረጠ ቢገዛ፣ ካርፕንም በጉላሽና በኮተሌት እያሰናዳ ቢያስለምድ፣ ከሐይቁ ላይ ያለው ጫና በጥቂቱም ቢሆን ይቀልላል። ካርፕ ቅርፊት ያለው በመሆኑ አምባዛን የማይበላውም ሰው አይጸየፈውም፤ የሚያስቸግረው የእሾኹ ብዛት ነውና በአስተላለቁ ላይ መጠንቀቅ ያሻል።

ንጹሕ መጸዳጃ፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና የሌለው ቤት፣ ምግቡ ምንም ቢጣፍጥ፣ ከጉዞው መስመር መግባት የለበትም። መሪው አማርኛና እንግሊዝኛ ከማወቁ በላይ አፋን ኦሮሞ አጣርቶ የሚናገርና የሐይቁን ዳር ሰዎች በስማቸው የሚጠራ የከተማው ተወላጅ ቢሆን ይመረጣል። ለመጀመሪያው ሙከራ የሚመቸው ቀን ቅዳሜ ነው፤ ዓርብ ማታ ላንጋኖ የገባው እንግዳ ረፋዱን በባቱ ውሎ ከሰዓት በኋላ ለዋና መመለስ ይችላልና።