ቆማ ለምትከርም ቮልስ የቱ ኢንሹራንስ?

ደሴ ቧንቧ ውሃ፣ ጎረቤቴ ግቢ አንዲት ቮልስ አለች። ክረምቱን ሸራ ለብሳ ትከርማለች፤ የምትወጣው ለሠርግና ለጥምቀት ነው። ባለቤቷ «ለቆመ መኪና ምን ብዬ እከፍላለሁ?» ይላል። የአባትዎ መኪና ግቢ ቆማ ከሆነ ጥያቄው የእርስዎም ነው።

ሦስተኛ ወገን የሚባለው ኢንሹራንስ መኪናዎ በሌላ ሰው ወይም በንብረቱ ላይ ለምታደርሰው ጉዳት ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ያለ እሱ መንገድ ላይ መንዳት ክልክል ነው። በዓመት አንድ ቀን፣ እስከ ፒያሳ ብቻ ብትወጣም ያው ነው። ለራስዎ መኪና ግን ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም።

ታዲያ ግቢ ውስጥ ብትቃጠልስ? ሙሉ ኢንሹራንስ ግጭትንም እሳትንም ይይዛል፤ ክፍያው ግን ከበድ ይላል። ሌላው በሦስተኛ ወገን ላይ እሳትና ስርቆትን ብቻ መጨመር ነው። ለቆመች መኪና እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ። ግጭት የሚያሰጋው በዶሮ መዝለያ በኩል ኮምቦልቻ የሚመላለሰውን ነው።

ስንት ያስከፍላል? ዓመታዊው ክፍያ፣ አረቦን የሚሉት፣ ከመኪናዋ ግምት ላይ በመቶኛ ይሰላል። ታዲያ ብዙ ሰው ክፍያው እንዲቀልለት ግምቱን ያሳንሳል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። እንበል መኪናዋ 600,000 ብር ታወጣለች፤ እርስዎ 300,000 ብለው አስመዘገቡ። እሳት የ80,000 ብር ጉዳት ቢያደርስ በ1952ቱ የንግድ ሕግ የሚታሰብልዎ ግማሹ፣ 40,000 ብር ነው። ከዚያም ላይ ኤክሰስ፣ ማለትም ባለመኪናው ራሱ የሚችለው ድርሻ፣ ይቀነሳል። ግምቱን መቆለልም አያዋጣም፤ ካሳው መኪናዋ አደጋው በደረሰ ዕለት ከምታወጣው አይበልጥም።

አሜሪካና እንግሊዝ ለእንዲህ ዓይነት መኪና ዋጋው አስቀድሞ በስምምነት የሚቆረጥበት ውል ይሸጣል። እርስዎም ሲዋዋሉ ፎቶና የጋራዥ ደረሰኝ ይዘው ይሂዱ፤ የአሮጌ መኪና ዋጋ በቃል ብቻ አያሳምንም።

ዝገት፣ የሞተ ባትሪና አይጥ የቆረጠው ሽቦ አይካሱም። ጦርነትንም መደበኛው ውል አይሸፍንም፤ የ2014ን ጦርነት ያሳለፈ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ይህን አንቀጽ ሳያነብ ባይፈርም ጥሩ ነው። ለፖለቲካ ሁከት ለብቻው የሚገዛ ሽፋን አለ፤ ዋጋውን ይጠይቁ።

ጉዳት መድረሱን ካወቁ በ5 ቀን ውስጥ ለኩባንያው ማሳወቅ አለብዎት። እናም ሸራውን አልፎ አልፎ ገለጥ አድርገው ይዩ።