ሥራ አገናኙንስ ማን ይደግፈው?

ሥራ ፈላጊንና አሠሪን የሚያገናኝ ሰው ሲሳሳት በአብዛኛው የሚጎዳው እሱ ራሱ ሳይሆን የላከው ሰው ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ በዚህ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ሰዎች ስለሚሰጥ፣ «ኮቺንግ» ተብሎ ስለሚጠራ የሙያ ድጋፍ ባጭሩ እናስረዳለን።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ካርቱም ሁለት ውስጥ እናስተምር የነበርን መምህራን ጉዳዩን በቅርብ አይተነዋል። ከዴም ሰፈር የሚመጡ እህቶቻችን ካርቱም ሁለትና አማራት በሚገኙ ቤቶች ሥራ የሚያገኙት በሰምሳር ወይም በዘመድ ነበር። ዓረብኛ ስለምንችል እኛንም አገናኙን የሚሉን ብዙ ነበሩ። አንድ ጊዜ ታዲያ «አሠሪዎቹ ደግ ሰዎች ናቸው» ስለተባልን ብቻ፣ የደመወዙን ነገር ሳንጠይቅ አንዲት ልጅ አስገባን። ልጅቱ ከሁለት ወር በኋላ ባዶ እጇን ወጣች። ወቀሳው ከየአቅጣጫው ወረደብን፤ ይገባን ነበር። ነገር ግን ወቀሳው ለሚቀጥለው ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለብን አላሳየንም።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ሥልጠና ሰዎችን ሰብስቦ ሕጉንና አሠራሩን ያስተምራል። ቁጥጥር የተሠራው ሥራ ትክክል መሆኑን ይመረምራል። ኮቺንግ ግን ሁለት ሰዎች በቀጠሮ ተቀምጠው፣ አንደኛው እየጠየቀ ሌላኛው የራሱን ሥራ እንዲመረምርና መፍትሔውን ራሱ እንዲያገኝ የሚረዳበት መንገድ ነው። የእግር ኳስ አሠልጣኝ ሜዳ ገብቶ ኳስ እንደማይመታ ሁሉ፣ ይህም ረዳት ሥራውን አይሠራም። እንግሊዛዊው ጆን ዊትሞር በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ያሳወቀው ዘዴ አራት ደረጃዎች አሉት። እነዚህም ግብ፣ ያለው ሁኔታ፣ አማራጭና ውሳኔ ናቸው።

በአንዲት የሥራ አገናኝ ቢሮ ሠራተኛ ምሳሌ እንየው።

በመጀመሪያ ረዳቱ «እህቴ፣ በዚህ ወር ምን እንዲሻሻል ትፈልጊያለሽ?» ይላል። እሷም «የላክኋቸው ሰዎች ሥራ ጥለው እየተመለሱ ነው፤ ይህ እንዲቀንስ እፈልጋለሁ» ትላለች። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ እውነታው ነው። «ስንት ሰው ላክሽ? ስንቱ ተመለሰ? ከመሄዳቸው በፊት ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዕረፍት ቀንና ስለ ማደሪያ ምን ነገርሻቸው?» ብዙ ጊዜ ችግሩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛው «ምን ምን ማድረግ ይቻላል?» የሚል ነው። ስምምነቱን በሁለት ቋንቋ መጻፍ፣ በመጀመሪያው ሳምንት መደወል፣ አሠሪውን አስቀድሞ ማነጋገር ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም «ከእነዚህ የትኛውን ታደርጊያለሽ? ከመቼ ጀምሮ?» ተብሎ መልሱ ይጻፋል። የሚቀጥለው ቀጠሮ ከዚያው ይጀምራል።

ይህ ድጋፍ ለሥራ አገናኞች ይበልጥ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? ገቢያቸው በላኩት ሰው ቁጥር ስለሚወሰን፣ ቶሎ ለመላክ የሚገፋፋቸው ነገር አለ። ሕጉ ይህን ያውቃል። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 የግል አገናኝ ኤጀንሲዎች ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀበሉ በመርህ ደረጃ ይከለክላል፤ ኢትዮጵያም በ1999 እ.ኤ.አ. አጽድቃዋለች። ሠራተኞችን ከአገር ቤት ወደ ውጭ ስለሚልኩ ኤጀንሲዎች የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008ም የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ጉዞውንና የሥራ ፈቃዱን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ያዛል። ይሁን እንጂ ሕግ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ኪስ በጎደለበት ቀን «ይህችን ልጅ አልክም» ለማለት መቁረጥ ደግሞ ሌላ ነው። ለዚህ ሰው አጠገብ ሆኖ የሚጠይቅ ያስፈልጋል።

ጦርነቱ ብዙዎቻችንን ከካርቱም በትኖናል። ሆኖም በየደረስንበት መጠለያ ለጎረቤቱ ሥራ የሚያፈላልግ ሰው አይጠፋም። ይህን ለመጀመር ገንዘብ አያስፈልግም። በየአሥራ አምስት ቀኑ ለግማሽ ሰዓት የሚገናኙ ሁለት ሰዎችና አንድ ደብተር ይበቃሉ። ሦስት ነገሮች ግን ይጠበቁ። አንደኛ፣ የተነገረው ምሥጢር ከሁለቱ አይውጣ፤ የሥራ ፈላጊዎችም ስም ደብተሩ ላይ አይጻፍ። ሁለተኛ፣ ረዳቱ ከሥራው ድርሻ የሚያገኝ ሰው አይሁን። ሦስተኛ፣ ረዳቱ ለመፍረድ አይቸኩል፤ ጠይቆ ያዳምጥ።

ኮቺንግ የማይፈታው ችግር እንዳለም ማወቅ ይገባል። ሠራተኛዋ ከተደበደበች፣ ወረቀቷ ከተያዘባት ወይም ከቤት እንዳትወጣ ከተከለከለች ጉዳዩ የውይይት አይደለም። በእሷ ፈቃድ ሳይውል ሳያድር ለስደተኞች ጥበቃ ክፍል መድረስ አለበት። ደመወዝ የሚነፍግ አሠሪም በአገናኙ መልካም ፈቃድ ብቻ አይታረምም።

አባቶቻችን «መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይላሉ። የሰውን ልጅ ወደማያውቀው ቤት የሚልክ ሰው ኃላፊነቱ ቀላል ስላልሆነ፣ እሱም መካሪና ጠያቂ ሊኖረው ይገባል እንላለን። እኛ ያኔ «ደመወዟስ?» ብሎ የሚጠይቀን አንድ ሰው አጠገባችን ቢኖር ኖሮ፣ ያቺ ልጅ የሁለት ወር ድካሟን ባላጣች ነበር።