ሹፌር ትራፊክ ሲያይ

ሹፌር ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲያይ ከሁሉ አስቀድሞ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ያነሳል። በተፈቀደለት ፍጥነት እየሄደ ቢሆንም ያነሳል። ከዚያ ዓይኑ ወደ ፍጥነት መለኪያው ይወርዳል፣ እጁ የደህንነት ቀበቶውን ይስባል፣ ሲያወራበት የነበረው ስልክ ጭኑ ላይ ያርፋል። ረዳቱ በመስኮት ያወጣውን አንገት ይመልሳል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል፤ ልምድ ያለው ሹፌር ሳያስበው ያደርገዋል። በአዲስ አበባ ቀለበት መንገድም ሆነ ከአርባ ምንጭ ወደ ገረሴ በሚወጣው ዳገት ላይ ነገሩ አንድ ነው። የሚለያየው የሚደበቀው ጥፋት ነው። በሰፊው አስፋልት የሚደበቀው በአብዛኛው ፍጥነት ነው፤ በደጋው መንገድ ግን ጠመዝማዛው ራሱ ፍጥነትን ስለሚገታ፣ ከፖሊስ ዓይን የሚሸሸገው ከሁሉ በላይ ትርፍ ሰው ነው።

ገረሴ በጋሞ ደጋ ላይ ያለች፣ ለረጅም ጊዜ የቦንኬ ወረዳ ዋና ከተማ ሆና የኖረች ከተማ ናት። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ገረሴ ከ2000 ሜትር በላይ ትወጣለች። ተጓዡ በአንድ ጉዞ ከሙዝና ከማንጎ ማሳ ተነስቶ እንሰት፣ ገብስና ድንች ወደሚበቅልበት አገር ይደርሳል። ሪፈር የተጻፈለት ታማሚ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሸቀጥ የሚያወርድ ነጋዴ፣ የዞን ቢሮ ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ መንገዱ ወደ አርባ ምንጭ ነው። መኪናው ግን እንደ ተሳፋሪው አይበዛም። በገበያና በበዓል ሰሞን ትርፍ የሚጫነው ሹፌሩ ገንዘብ ስለሚወድ ብቻ አይደለም፤ ተሳፋሪውም መናኸሪያ ውሎ ከሚያድር ተጣቦ መሄድን ይመርጣል። የሹፌሩን ጠባይ ብቻ እያነሱ የመኪናውን እጥረት መርሳት በፍርድ ላይ አድልዎ ነው።

በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ የሚሠራ ሚኒባስ ወንበሩ ሲሞላ መተላለፊያው ላይ በርጩማ ወይም ባዶ ጀሪካን ያስቀምጣል። ከተማ ሲቃረብ ረዳቱ «ጎንበስ በሉ» ይላል። መሀል የተቀመጡት ጭንቅላታቸውን ከመስኮቱ በታች ያደርጋሉ፤ እናት ከጎኗ ያለውን ልጅ ታቅፋለች፤ በመስኮቱ በኩል ያሉት ደግሞ ቀጥ ብለው ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ውጭ ያያሉ። ፖሊሱ በር አስከፍቶ የሚቆጥር ከሆነ ማጎንበሱ አይበቃም። ያን ጊዜ ትርፎቹ ከኬላው በፊት ይወርዳሉ፣ በእግራቸው ያልፋሉ፣ መኪናው ወዲያ ማዶ ይጠብቃቸዋል። «አባባ፣ ትንሽ ራመድ ይበሉ፣ ከኩርባው ወዲያ ቆመን እንጠብቅዎታለን» የሚለው የረዳት ልመና በገጠር መስመር የተጓዘ ሁሉ የሰማው ነው። ከፍለው የተሳፈሩት አዛውንት ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ፖሊሱን ሰላምታ ሰጥተው ያልፋሉ። ፖሊሱም ከየት እንደወረዱ አይጠፋውም።

ሌላውም እንደየመኪናው ዓይነት የራሱ ብልሃት አለው። ሦስት ሰው ብቻ እንዲጭን የተፈቀደለት ባጃጅ ከሹፌሩ ጎን አንድ ወይም ሁለት ሰው ይጨምራል፤ ትራፊክ ሲታይ እነዚህ ሰዎች ዘለው ወርደው እግረኛ ይሆናሉ። ታርጋ ወይም መንጃ ፈቃድ የሌለው ሞተረኛ ከሩቁ አዙሮ ይመለሳል፣ አለዚያ በእግር መንገድ ገብቶ ይሰወራል። የአይሱዙ ጭነት ላይ የወጡ ሰዎች ሸራ ሥር ይተኛሉ። ጥፋት የሌለበት ሹፌር እንኳ ደንገጥ ይላል፤ ቦሎው አልፎበት እንደሆነ፣ የሦስተኛ ወገን መድኑ ታድሶ እንደሆነ በልቡ ይቆጥራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የታወቀው ምልክት መብራት ማብለጭለጭ ነው። ከፊት የሚመጣ ሹፌር ሁለት ጊዜ ቦግ እልም ካደረገ «ትራፊክ አለ» ማለቱ ነው። ይህን የማያውቅ የዓለም ክፍል ያለ አይመስልም፤ እንዲያውም በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ የፌዴራል ዳኛ መብራት አብለጭልጮ ሌላውን ማስጠንቀቅ ሐሳብን የመግለጽ መብት አካል ነው ብሎ ወስኗል። በእንግሊዝ ግን የፖሊስን ሥራ አደናቅፏል ተብሎ የተከሰሰ ሹፌር አለ። በደጋ መንገድ ላይ ይኸው መብራት የከብት መንጋን፣ የተናደ አፈርን፣ ኩርባ ላይ የተበላሸ መኪናንም ያመለክታል። ሹፌሮች እርስ በርስ የሚተሳሰቡበት ጥሩ ልማድ ነው። ፖሊስ ያለበትን ለመንገር ሲውል ግን የሚያድነው ኪስን እንጂ ሕይወትን አይደለም፤ ከመጠን በላይ የጫነው መኪና ምክሩን ተቀብሎ ሰው ያራግፍና ካለፈ በኋላ መልሶ ይጭናል።

ለዚህ ጠባይ ምክንያቱን ከ250 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት የጻፈው ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1764 ባሳተመው መጽሐፍ ሰውን ከጥፋት የሚመልሰው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን መያዙ የማይቀር መሆኑ ነው ብሎ ነበር። የመንገድ ተመራማሪዎች በኋላ ይህንኑ በመለኪያ አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ1982 ካናዳዊው ኤዝራ ሃወርና ባልደረቦቹ በቶሮንቶ አካባቢ አካሂደው ባሳተሙት ጥናት፣ የፖሊስ መኪና የቆመበት ቦታ ላይ ፍጥነት ወዲያው እንደሚወርድ፣ ቦታው ከታለፈ በኋላ ግን ውጤቱ በየ900 ሜትሩ በግማሽ ያህል እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳዩ። በጊዜም እንዲሁ ነው፤ ፖሊስ አንድ ቀን ብቻ ከቆመ ሹፌሩ ለጥቂት ቀናት ይጠነቀቃል፣ በተከታታይ ቀናት ከቆመ ጥንቃቄው ረዘም ይላል። በሌላ አነጋገር የፖሊሱ ኃይል የሚደርሰው ሹፌሩ ሊያየው ወይም ሊጠብቀው እስከቻለበት ድረስ ነው።

በአገራችን የገጠር መስመሮች ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፖሊስ የሚቆምበት ቦታ የታወቀ ነው፤ የከተማ መግቢያ፣ መናኸሪያ መውጫ፣ ድልድይ አጠገብ። ሰዓቱም የታወቀ ነው። ሹፌሩ በአንድ ወር ሥራ ውስጥ ሙሉውን ካርታ በጭንቅላቱ ይይዛል፤ የትኛው ኩርባ ላይ ማራገፍ እንዳለበት፣ በምሳ ሰዓት ማን እንደማይኖር፣ ዝናብ ሲጥል የትኛው ኬላ ባዶ እንደሚሆን፣ ከመሸ በኋላ መንገዱ ለማን እንደሚቀር። ለእርሱ የመንገድ ደንቡ በሁለት ሦስት ቦታ ብቻ የሚሠራ ነገር ይሆናል። በደንቡ በኩል ጉድለት የለም ማለት ይቻላል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ወጥቶ ቆይቶም ተሻሽሏል፣ የመንጃ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 አለ፣ የሦስተኛ ወገን መድንም በአዋጅ ግዴታ ሆኗል። የገንዘብ ቅጣቱ እየጨመረ ሄዷል። ሹፌሩ ግን እንደማይያዝ እርግጠኛ ከሆነ ቅጣቱ አንድ ሺህም ሆነ አሥር ሺህ ብር ለእርሱ ልዩነት የለውም። ከመንጃ ፈቃድ ጋር ታጥፎ የሚቀርብ ብር ካለ ደግሞ ፖሊሱ ቢይዝም አልያዘም።

የሚከፈለው ዋጋ ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ ከ100000 ሰው 26.7 ያህሉ በመንገድ አደጋ ሞቷል፤ ይህም በፖሊስ ከተመዘገበው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 በአጎራባቹ ሲዳማ ክልል፣ ቦና ዙሪያ ወረዳ፣ ሰርገኞች የጫነ አይሱዙ ገላና ድልድይ ላይ መስመር ስቶ ወንዝ ገብቶ 71 ሰው አልቋል። ዕቃ መጫን የነበረበት መኪና ነበር ያን ሁሉ ሰው ያሳፈረው። እንዲህ ያለ መኪና ከደጅ እስከ ድልድይ ሲሄድ ብዙ ሰው ያየዋል፤ መንገድ ላይ ግን የሚያስቆመው ያጣል።

ፖሊስ ሲታይ የሚደረገው ነገር በራሱ አደጋ የሚያመጣበትም ጊዜ አለ። ከገረሴ ወደ ቆላው የሚወርድ መኪና ጭነቱን መያዝ ያለበት በዝቅተኛ ማርሽ ነው፤ ፍሬኑን ረግጦ የሚወርድ ሹፌር ፍሬኑን ያግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ ሲፈለግ አይዝም። ሰንሰለቱን ዘርግቶ የቆመ ፖሊስ ኩርባውን እንደታጠፉ ድንገት ሲታይ ሹፌሩ ባለ በሌለ ኃይሉ ፍሬኑን ይረግጣል፣ ከኋላው ያለውም በእርሱ ላይ ይወጣል። ሰው የሚራገፈው ከኬላው እንዳይታይ ኩርባ ሥር ስለሆነ፣ ሕፃንና ሽማግሌ ያለ እግረኛ መንገድ በገደል ጫፍ ይጓዛሉ። ያጎነበሰው ተሳፋሪም ግጭት ቢደርስ የሚይዘው ወንበር፣ የሚያስረው ቀበቶ የለውም። ስለዚህ የኬላው ቦታ ከሩቅ የሚታይ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ቢሆን ለሁሉም ይሻላል፤ የማይገመት መሆን ያለበት ቀኑና ሰዓቱ ነው።

የጋሞ ሕዝብ ያለ ጠባቂ የሚሠራ ሕግ ምን እንደሚመስል ከማንም በተሻለ ያውቃል። በነባሩ እምነት ባህላዊውን ደንብ የተላለፈ ሰው ጎሜ ይደርስበታል፤ ማንም ባያየው እንኳ ጥፋቱ በእርሱ፣ በቤቱና በአገሩ ላይ መዘዝ ያመጣል፤ ነገሩ የሚስተካከለው በደሉን በአደባባይ ሲናገርና ሲታረቅ ነው። መስከረም 2011 በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሳውን ወጣት የመለሱት ሽማግሌዎች በእጃቸው የያዙት እርጥብ ሣር ነበር። ሰው ከመጠን በላይ ጭኖ ገደል ለገደል መንዳት ግን እስካሁን እንደ ፖሊስ ጉዳይ እንጂ እንደ ነውር አልተቆጠረም። በዱቡሻ፣ በሕዝቡ የሸንጎ አደባባይ ላይ፣ የሰው ነፍስ ነገር የሚያነሱ ሽማግሌዎች የመኪናውንም ነገር ቢያነሱት ከቅጣት ወረቀት ያላነሰ ይሠራል።

የፖሊስ ቁጥር ማነሱም እንደሚባለው መፍትሔ የሌለው አይደለም። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ጥቂት ፖሊስ ላላቸው ሰፊ መንገዶች የሚሆን ዘዴ ሠርቷል። መንገዱ በክፍል በክፍል ይከፈላል፣ ሳምንቱ በሰዓት ይከፋፈላል፣ የትኛው መንገድ ላይ በየትኛው ሰዓት እንደሚቆም በዕጣ ይወጣል። ፖሊሱ የሚቆመው በግልጽ እየታየ ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ አይደበቅም። ሹፌሩ ግን ነገ የት እንደሚያገኘው መገመት አይችልም። በተደረገው ግምገማ የሞት አደጋ 31 በመቶ ቀንሷል። ይህ አዲስ መኪናም፣ ራዳርም፣ ተጨማሪ ደመወዝም አይጠይቅም። የጋሞ ዞን ፖሊስና የትራንስፖርት መምሪያ የአርባ ምንጭ–ገረሴን መስመር በአምስት ስድስት ቦታ ከፍለው የሳምንቱን ምደባ በዕጣ ቢያወጡ፣ በገበያና በሰርግ ሰሞን ደግሞ ተጨማሪ መኪና ቢያሰማሩ፣ ሁለቱንም በአንድ ወቅት ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው። ተሳፋሪውም «ጎንበስ በሉ» ሲባል ጎንበስ ከማለት ወርዶ ሌላ መኪና ይጠብቅ።